ዋሽንግተን ሲሄዱ ከአገሬው ሰው ጋር መግባቢያ ዘዴ

ቪዛው ተመቶልዎታል። እንኳን ደስ አለዎት። ለማመልከቻው የከፈሉት 185 ዶላር በከንቱ አልቀረም፤ ቤተሰቡ የተሳለውም ስለት ሰምሯል። በኤምባሲው መስኮት ቆመው «ለምን ይሄዳሉ?» ሲባሉ «አገሩንና ሕዝቡን ለማየት» ብለው መልሰዋል። መልካም መልስ ነው። አሁን የሚቀረው ቃልዎን መጠበቅ ነው፤ እኛም የምናግዝዎ በዚህ በኩል ነው። አይጨነቁ። አይቸኩሉ። የሰው አገር ሰው መቅረብ የሚያስፈራው ዘዴውን ለማያውቅ ብቻ ነው። የምንነግርዎትን አንድ በአንድ ከተከተሉ፣ ሦስት ወር ተቀምጠው አንድም ቀን ሳይደነግጡ ይመለሳሉ።

ትውውቁ የሚጀምረው ከሻንጣ ነው። አየር መንገዱ ሁለት ሻንጣ ይፈቅድልዎታል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚህ ላይ ለራስዎ ልብስ ጥቂት ኪሎ ያስቀሩ። ሌላው የሰው ነው። «መንገድህን ለሰው አትንገር» የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው። ይንገሩ። ለዕድርተኛው ይንገሩ። ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይንገሩ። ለፀጉር ቤቷ ልጅ ይንገሩ። ሳምንት ሳይሞላ ሳሎንዎ በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በዳቦ ቆሎ፣ በድርቆሽና በጥልፍ ቀሚስ ይሞላል። በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ሌላው መንገደኛ ማንንም የማያውቅበት አገር ነው የሚገባው። እርስዎ ግን ገና ቦሌ ሳይደርሱ ስንትና ስንት የአሜሪካ ነዋሪ ስልክ ይዘዋል።

ቋንጣ አይያዙ። ሥጋ በአሜሪካ ጉምሩክ አያልፍም፤ ቋንጣም ሥጋ ነው። ይህን የምንልዎ ሕጉን እንዲያውቁት ብቻ ነው፤ ይዘው እንደሚሄዱማ እናውቃለን። እንግዲህ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው ሻንጣዎን ሲጠብቁ፣ ጆሮዋ የወደቀ ትንሽ ውሻ መጥታ አጠገብዎ ቁጭ ልትል ትችላለች። ቢግል ይሏታል፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። ከኋላዋ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ይመጣል። ከየት መጡ? ማን ዘንድ ያርፋሉ? ስንት ጊዜ ይቆያሉ? ምን ይዘው መጡ? እያለ በትዕግሥት ይጠይቅዎታል። እያንዳንዱን መልስ ዐይን ዐይንዎን እያየ ያዳምጣል። በዚህ ጉዞ ስለ እርስዎ ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶ የሚጠይቅ ሌላ አሜሪካዊ ስለማይገጥምዎ፣ ደስ ብሎዎት ይመልሱለት።

ወደ ከተማ በባቡር አይግቡ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሲልቨር ላይን የሚባለው ባቡር ከማረፊያው ተነስቶ መሀል ዋሽንግተን ያደርሳል፤ ርካሽም ነው። ችግሩ የማያውቋቸው ሰዎች የሚሳፈሩበት መሆኑ ነው። እዚያ የምትኖረው እኅትዎ ከሥራ ቀርታ በመኪናዋ ትቀበልዎታለች። የቀረችበት ቀን ይከፈላት እንደሆነ አይጠይቋት፤ ገና ከመምጣትዎ ስለ ገንዘብ ማንሳት አያምርም።

የሚያርፉት እሷ ዘንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ጥሩ፤ አሌክሳንድሪያም አይከፋም። በሁለቱም ቦታ የሀበሻ ግሮሰሪ፣ የሀበሻ ምግብ ቤት፣ የሀበሻ ፀጉር ቤት፣ ግብር የሚያሰላ ሀበሻና ጥርስ የሚነቅል ሀበሻ በእግር ርቀት ይገኛል። እንጀራ ሲገዙ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። አንዱ ዓይነት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ነው። ሌላው እዚያው ይጋገራል፤ ጤፉም አይዳሆ በምትባል ምዕራባዊት ግዛት የበቀለ ሊሆን ይችላል። ይህኛውን ይምረጡ። የአገሩን ምግብ ቀመሱ ማለት ነው። ክትፎውም ቢሆን ያለ ጥርጥር የአሜሪካ በሬ ነው። ሂሳብ ሲመጣ እጅዎን ቶሎ ወደ ኪስዎ ይስደዱ፤ እዚያው ያቆዩት። አንድ ቀን ደግሞ ፒዛ ይብሉና ሆዴን አመመኝ ይበሉ። በምግብ በኩል የሚጠበቅብዎትን ፈጽመዋል።

ስለ ቋንቋ ብዙ አይጨነቁ። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ፣ መሥሪያ ቤቶቹ እንግሊዝኛ ለማይችለው ነዋሪ በቋንቋው አገልግሎት እንዲሰጡ አዟል፤ በዚህ ሕግ መሠረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ሕግ የወጣው እዚያ ለሚሠራውና ግብር ለሚከፍለው ነዋሪ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ለእርስዎ እንደተሰጠ ክብር ይቁጠሩት። ክብር የሰጠን አገር በእንግሊዝኛ ማስቸገር ነውር ነው።

የያዙትን እቃ ለማድረስ ይደውሉ። ሰዎቹ ፈጥነው ይመጣሉ፤ መኪናቸውን ሳያጠፉ በር ላይ ተቀብለው፣ ሦስት ጊዜ ስመው፣ ይቅርታ እየጠየቁ ይሄዳሉ። አንዱ ከሥራ ወጥቶ ሌላ ሥራ ሊገባ ነው። አንዷ ልጅ ከትምህርት ቤት ልታወጣ ነው። እርስዎ ግን ከአንድ አረፍተ ነገር በላይ አይመራመሩ፦ «ሰው እዚህ ተበላሽቷል፤ ቡና እንኳ አልጠጣም።» መምጣት ላልቻሉት እኅትዎ በዕረፍት ቀኗ ቤታቸው ድረስ ታደርስላቸዋለች። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አብረው ይሂዱ፤ በመስኮት አገሩን ያዩበታል።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

በእኅትዎ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ይኖራሉ። ቡናማ ውሻ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ ትገናኛላችሁ። እሳቸው ስለ አየሩ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ዛሬ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ አይቀርም፣ እንዲህ ያለውን። የእርስዎ ፋንታ ስልክዎን ማውጣት ነው። ስልኩ ሊፍት ውስጥ አይሠራም፤ ግድ የለም፣ ጣትዎን ያንቀሳቅሱበት። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ስምዎን ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት አስተካክለው ይጠሩታል፤ ብቻቸውን ሳይለማመዱት አልቀሩም። ነገሩ እየጠና ሲመጣ በደረጃ መውረድ ይጀምሩ። ስምንት ፎቅ ለጉልበት ጥሩ ነው። ማታ ማታ ለእኅትዎ «ይህ አገር እኮ ጎረቤት የሚባል ነገር የለውም» ይበሏት።

ቡና ያፍሉ። ቡና ከእኛ ለአገሬው የምናካፍለው ትልቁ ስጦታ ስለሆነ በር ዘግተው ያፍሉ። ቡናው ሲቆላ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ይጮኻል። እኅትዎ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ታራግብለታለች፤ እዚያ አገር ይህ የሥርዓቱ አንድ ክፍል ሆኗል። እርስዎ ግን ላግዝ ብለው የኮሪደሩን በር ይከፍታሉ። ጭሱ ከነዕጣኑ ይወጣል። የኮሪደሩ መጠቆሚያ ደግሞ ከመላው ሕንፃ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአንድ ጊዜ ፎቁ ሁሉ ይጮኻል። ሰው በነጠላ ጫማ፣ በፒጃማ፣ ድመቱን ታቅፎ፣ ልጁን አዝሎ በደረጃ ይወርዳል። የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ይደርሳል። ሕንፃው እንዳለ መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰብስቧል። ማንም የሚሠራው የለም፤ ማንም የሚሄድበት የለም፤ ሁሉም ከአጠገቡ ካለው ጋር ወሬ ጀምሯል። ሽማግሌው ከነውሻቸው ወደ እርስዎ ጠጋ ይላሉ። አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አየሩን ያሸታሉ። ሽታው እንዴት ደስ ይላል፣ ምን ይሆን? ይሉዎታል።

ረጋ ይበሉ። «እኔ እንጃ፤ ከእኛ ቤት አይደለም» ይበሉ።

ቀጥሎ አሜሪካዊ ማን እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ። ይህን ሳይወስኑ የሄዱ ሰዎች ብዙ ተቸግረዋል። በእኅትዎ ሰፈር ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ብዙ ነው። ሣሩን የሚያጭደው እሱ፣ ግንቡን የሚገነባው እሱ፣ እሑድ በመናፈሻው ከነቤተሰቡ ኳስ የሚጫወተውም እሱ ነው። እሱ አይቆጠርም። ቻይናው አይቆጠርም። ጥቁሩ አሜሪካዊ ቅድመ አያቶቹ አገሪቱ ገና አገር ሳትሆን ጀምረው እዚያ ናቸው፤ እሱንም ቢሆን ይለፉት፤ ለምን እንደሆነ አዲስ አበባ እያሉ የሰሙትን ያውቃሉ። እርስዎ የመጡት በፊልም ያዩትን ዓይነት ለማየት ነው። የዚያ ዓይነቱ ሰው በዚያ ሰፈር በብዛት ስለማይገኝ፣ ሕዝቡን አላገኘሁትም ቢሉ አይፈረድብዎትም።

የጉብኝቱ ቀን አንድ ቅዳሜ ነው። አንድ ቀን ይበቃል። ካፒቶሉ አለ፣ 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመረቀው የሊንከን መታሰቢያ አለ፤ ሁሉም በአንድ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ስለተሠሩ ፎቶ ለመነሳት ይመቻሉ። በሜዳው ግራና ቀኝ የተደረደሩት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች የመግቢያ ዋጋ አይጠይቁም። ስለዚህ ሳይገቡ ቢመለሱ የከሰሩት ገንዘብ የለም። ከገቡም ደረታቸው ላይ ባጅ ካንጠለጠሉ አረጋውያን ይጠንቀቁ። አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያለ ደመወዝ እዚያ የሚቆሙት እንግዳ ለማነጋገር ነው፤ አንድ ነገር ከጠየቋቸው ከልባቸው ያስረዳሉ፤ ከዚያ እነሱም ስለ አገርዎ ይጠይቃሉ፤ ቀኑ መሽቶ ካፒቶሉ በብርሃን ፎቶ ሳይነሳ ይቀራል።

በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1963 ንግግር ያደረጉበት ቦታ በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ይታያል። እግርዎን እዚያ ላይ አድርገው ይነሱ። ያ የጥቁሮች የመብት ትግል የሲቪል መብት ሕግ አስወጣ፤ በዓመቱ፣ በ1965፣ ስደተኛን በትውልድ አገሩ የሚመዝነው የድሮው የኮታ ሕግ ተሻረ፤ እኅትዎ የደረሳት ዲቪ ደግሞ በ1990 ከወጣው ሕግ የተገኘ ነው። በሩን የገፉት የእነዚያው ጥቁር አሜሪካውያን ትከሻዎች ናቸው። ታሪካቸውን የሚናገር ሙዚየም እዚያው ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ተከፍቷል። ፎቶውን ከተነሱ በኋላ ግን ወደ መኪናው ቶሎ ይመለሱ፤ እኅትዎ መንገድ እንዳይጠፋት፣ ጥቁር ሰፈር እንዳትገባ ያሳስቧት።

ከአገሬው ጋር አብረው የተነሱት ፎቶ ከሌለ የሚታመን የለም። ዘዴው ቀላል ነው። ሐውልቱን ከኋላዎ አድርገው ይቁሙና ፀጉሩ ወርቅ የመሰለ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቁ። ሲያልፍ ፈገግ ይበሉ።

በሰኔ መጨረሻ፣ በእነሱ ጁላይ 4፣ የአገሪቱ የነጻነት በዓል ነው። ያን ቀን ሰው ደጁ ላይ ሥጋ ይጠብሳል፤ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የማያውቁት ሰው እንኳ አጥር ተደግፎ ሲያይ ሳህን ይሰጠዋል፤ ማታ ርችት አብሮ ያያል። ከአገሬው ጋር ለመቀላቀል በዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። እንግዲህ በዚያ ሳምንት እርስዎ ስታዲየም ይሁኑ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ውድድሩን የሚያካሂደው በዚያው ሰሞን ነው። ሌላ ከተማ ከሆነ እኅትዎ ፈቃድ ወስዳ ትነዳለች። ኳሱን ማየት ግዴታ አይደለም፤ ሰው ኳስ ለማየት አይደለም የሚመጣው። ከሜዳው ጀርባ ድንኳኖቹ ጋ ይሁኑ። የድሮ የሰፈር ልጅ ያገኛሉ። ተቃቅፈው ያለቅሱ ይሆናል። እርስዎ ስለ አሜሪካ ይጠይቁት፤ እሱ ስለ አዲስ አበባ ይጠይቅዎ፤ ሁለታችሁም የምትፈልጉትን መልስ ሰምታችሁ ትለያላችሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ስለ አገሬው ሰው የሚነገር ስለሌለ እንለፈው።

ከአሜሪካ ሕዝብ ጋር እውነተኛ ግንኙነት የሚመሠረተው ገበያ ላይ ነው። ኮስኮ አለ፣ ዋልማርት አለ፣ ሮስና ማርሻልስ አሉ፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ሊስበርግ ላይ አውትሌት አለ። ከአዲስ አበባ የተላከልዎትን ዝርዝር ይያዙ። ጫማ 42፣ የሴት ጫማ 38፣ ቪታሚን ሁለት ትልልቅ ብልቃጥ፣ ታይሌኖል፣ ሽቶ፣ ቅባት፣ የቀድሞው ባልደረባዎ ያስታወሰዎት የስልክ ዓይነት። ሒሳብ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ፣ የፈለጉትን ሁሉ አግኝተው እንደሆነ ትጠይቅዎታለች። በዚህ ዕድሜዎ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆዎት ያውቃል? እኅትዎ ካርዷን ታውጣ። እርስዎ ዋጋውን በብር አያስሉ፤ ልብ ይሰብራል። በእሷ የሥራ ሰዓትም አያስሉ።

እኅትዎን ካነሳን ዘንድ አንድ ሁለት ነገር እንበል።

ማንቂያዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይጮኻል። እርስዎን እንዳይቀሰቅስ ከትራሷ ሥር ነው የምታደርገው። በጨለማ ለባብሳ ትወጣለች። አንዲት ዘጠና ዓመት የተጠጉ አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ሄዳ ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ቁርሳቸውን ትሰጣቸዋለች። አሮጊቷ ሻያቸውን በምን ያህል ወተት እንደሚወዱ ታውቃለች። ባላቸው በየትኛው ጦርነት እንደዘመቱ፣ የትኛው ልጃቸው እንደማይደውል፣ በየትኛው መዝሙር እንደሚያለቅሱ ታውቃለች። የአሮጊቷ ልጅ ከካሊፎርኒያ ደውሎ የእናቱን ነገር የሚጠይቀው እሷን ነው። የገና ዕለት በማዕዳቸው ተቀምጣለች። በዚያ ቤት ውስጥ፣ ምናልባትም እርስዎ ከሚያውቁት ሰው ሁሉ መካከል፣ የአሜሪካን ሰው ከነጓዳው የምታውቅ እሷ ናት። ስለዚህ አያስቸግሯት። ከሥራ ስትገባ ደክሟታል፤ ትንሽ አረፍ ትበልና ወደ ገበያው ትውሰድዎት። አዲስ አበባ ሲመለሱ ደግሞ «ምን ትሠራለች?» ቢሉዎት «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ይበሉ። ከዚያ በላይ ዝርዝር ውስጥ አይግቡ።

አንድ የረሳነው ነገር አለ። በእኅትዎ ቤት ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ይኖራል።

አስራ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚያው ሜሪላንድ ነው የተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ እንደሚለውም ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ዜጋ ነው። የሚበላው እንደ አገሬው፣ የሚስቀው እንደ አገሬው፣ የሚፈራውም የአገሬውን ፍርሃት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቢተኮስ የትኛው ጠረጴዛ ሥር እንደሚገባ ከልጅነቱ ጀምሮ አለማምደውታል። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከእርስዎ በሁለት ክንድ ርቀት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሴሪያሉን ይበላል። ክፍሉን ለእርስዎ ለቆ ሳሎን ሶፋ ላይ የሚተኛውም እሱ ነው። አልጋው አጥሮዎት እንደሆነ ለእናቱ ይንገሯት።

ከእሱ ጋር የሚኖርዎት ግንኙነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ በአማርኛ ያናግሩት። እንደምንም ብሎ ሲመልስልዎ ይሳቁ። አይዞዎት፣ በፍቅር ነው የሚስቁት። የተናገራትን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ እየጠሩት ያስደግሙት። አንድ ቀን መድገሙን እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ጆሮ ማዳመጫውን ያደርጋል። እርስዎም ለእናቱ፣ እሱ በሚሰማበት፣ ልጁ ባህሉን እንዳላወቀ ይንገሯት። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም ትመቻቻላችሁ።

ምናልባት አንድ ማታ ሊያናግርዎ ይሞክር ይሆናል። እናቱ ሥራ ናት፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሥዕል ማን እንደሳለው ሊነግርዎት ነው፤ ራሱ ነው። ወይም ቅዳሜ ጠዋት የቡድኑ የመጨረሻ ጨዋታ እንደሆነ ሊነግርዎ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ላይ ወላጆች ሁሉ ይመጣሉ። ታጣፊ ወንበራቸውን በመስመሩ ዳር ይደረድራሉ፣ ብርቱካን ቆርጠው ያዞራሉ፣ የማንም ልጅ ቢያገባ ይጮኻሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው የማን አጎት ወይም የማን አክስት እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ቡና ይቀዳሉ። ሽማግሌው ጎረቤትም ከነውሻቸው አይቀሩም፤ ለልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ያ ቅዳሜ ግን የአውትሌት ቀን ነው። «ሌላ ጊዜ» ይበሉት። በእንግሊዝኛ ቢሉለት ደስ ይለዋል።

የመመለሻው ሳምንት ሥራ ይበዛበታል። ሻንጣዎቹን ሳሎን ያምጡ፤ ልጁ ከሶፋው ይነሳ። በእጅ ሚዛን አንጠልጥለው ይመዝኑ። 23 ኪሎ ላይ አይቆምም፤ በጭራሽ ቆሞ አያውቅም። ቪታሚኑን ከዚህ ወደዚያ፣ ጫማውን ከዚያ ወደዚህ ያዘዋውሩ። ልጁ ሳይጠየቅ መጥቶ አንዱን ጎን ይይዝልዎታል። በመጨረሻ የሚተርፍ ነገር ይኖራል፤ ጥቅልል ወረቀት ከሆነ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ሥዕልም ከሆነ በመንገድ ይጨማደዳል። በክብር ይተዉት።

አዲስ አበባ ሲገቡ ሰው ይሰበሰባል። ስጦታው ከታደለ በኋላ አንድ ሰው «ሕዝቡስ እንዴት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ተዘጋጅተው ይጠብቁት። ትንሽ ዝም ይበሉ፤ ብዙ ያየ ሰው ቶሎ አይመልስም። ሕዝቡ ደግ እንደሆነ፣ ሥርዓት እንዳለው፣ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይንገሯቸው። ጎረቤት ከጎረቤት አይጠያየቅም ይበሉ። ሁሉም በስልኩ ላይ ነው ይበሉ። ሊፍት ውስጥ እንኳ ሰው ከሰው አይነጋገርም ይበሉ፤ በዐይንዎ ያዩት ነው። ፎቶውን ያሳዩ። «የእኅትዎ ልጅስ አደገ?» ካሉዎት፣ ቁመቱን በእጅዎ አሳይተው «ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሰው አይቀርብም» ይበሉ። ይህን ሲሉ ራስዎን ቀስ አድርገው ይነቅንቁ። ያምርብዎታል።